አንድ አቋም፣ አምስት መዝገብ፦ የ1972ቱ የሬይክያቪክ ግጥሚያና የቼዝ መክፈቻዎች አመዳደብ

በ1972 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ በቦሪስ ስፓስኪና በቦቢ ፊሸር መካከል የተካሄደው የዓለም ቼዝ ሻምፒዮና ግጥሚያ በመዝገብ ሃያ አንድ ጨዋታ ቢኖረውም በሰሌዳ ላይ የታየው ሃያ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ፊሸር ባለመቅረቡ በፎርፌ አጥቶታል። ስለ ግጥሚያው ፖለቲካ፣ ስለ ካሜራዎቹና ስለ ተጫዋቾቹ ጠባይ ብዙ ተብሏል። እዚህ የሚነሣው ግን ደረቅ የሚመስል የመዝገብ ቤት ጥያቄ ነው፦ ሃያዎቹን ጨዋታዎች በየመክፈቻቸው ለይተን በመረጃ ቋት እናስቀምጥ ብንል፣ መለኪያችን ምን ይሆናል?

መልሱን ከመጀመሪያው እርምጃ ለሚፈልግ ሰው ጥያቄው ቀላል ነው። ፊሸር በዚህ ግጥሚያ ነጭ ይዞ አራት ጊዜ፣ ማለትም በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ12ኛውና በ14ኛው ጨዋታ፣ ወታደሩን ወደ ሲ4 በመግፋት ጀምሯል (የሰሌዳው ካሬዎች ከኤ እስከ ኤች ባለ የዓምድ ፊደልና ከ1 እስከ 8 ባለ የረድፍ ቁጥር ይጠራሉ)። ይህ እርምጃ ኢንግሊሽ ኦፕኒንግ በሚል ስም ይታወቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው እርምጃ የሚቆጥር የመረጃ ቋት «ፊሸር አራት ጊዜ ኢንግሊሽ ተጫወተ» ብሎ ይዘግባል። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ የተከተለ ተጫዋች ግን እስከ መጨረሻው ኢንግሊሽ ሆኖ የቀረው 8ኛው ብቻ እንደሆነ፣ ሦስቱ ገና በሦስተኛው እርምጃ ኩዊንስ ጋምቢት ዲክላይንድ በሚባል ሌላ መክፈቻ ውስጥ እንደገቡ ያያል። አራት የነበረው ቁጥር ወደ አንድ ሲወርድ፣ በዚያ ቁጥር ላይ የተሠራ ማንኛውም ስሌት፣ ለምሳሌ «ፊሸር በኢንግሊሽ ያገኘው ውጤት» የሚለው፣ ትርጉም ያጣል።

ዛሬ በአብዛኛው የምንጠቀምበት አመዳደብ በአሌክሳንዳር ማታኖቪች ዋና አዘጋጅነት በቤልግሬድ ከተዘጋጀው የቼዝ መክፈቻዎች ኢንሳይክሎፒዲያ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1974 ስለሆነ፣ የሬይክያቪክ ጨዋታዎች ዛሬ የሚታወቁባቸው ኮዶች ወደኋላ ተመልሶ የተለጠፉ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከኤ እስከ ኢ ያሉ አምስት የላቲን ፊደላት እያንዳንዳቸው ከ00 እስከ 99 ቁጥር ይይዛሉ፤ በድምሩ አምስት መቶ ሣጥን ይሆናል። በጥቅሉ በኤ ሥር ኢንግሊሽን የመሳሰሉ የዳር መክፈቻዎች፣ በዲ ሥር ኩዊንስ ጋምቢትና ዘመዶቹ፣ በኢ ሥር ደግሞ ኒምዞ-ኢንዲያንና ሌሎቹ የኢንዲያን መከላከያዎች ይገኛሉ። ሣጥኖቹ የተሰየሙት በሰሌዳው ላይ በሚታየው አቋም ሳይሆን በአንድ የተመረጠ የእርምጃ ተራ መሆኑ ግን የችግሩ ምንጭ ነው። ለታተመ መጽሐፍ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ገጽ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ሰሌዳው ግን ቅደም ተከተሉን አያስታውስም።

የጉዳያችን መነሻ አንድ አቋም ነው፤ መገናኛው አቋም እንበለው። ነጭ ወታደሮቹን በሲ4ና በዲ4፣ ፈረሶቹን በሲ3ና በኤፍ3 አስቀምጧል፤ ጥቁር ወታደሮቹን በዲ5ና በኢ6፣ አንዱን ፈረስ በኤፍ6 አቁሟል፤ ተራው የጥቁር ነው። ከሃያዎቹ ጨዋታዎች አምስቱ፣ 1ኛው፣ 6ኛው፣ 9ኛው፣ 12ኛውና 14ኛው፣ ከነጭ አራተኛ እርምጃ በኋላ በትክክል እዚህ ላይ ቆመዋል። ስፓስኪ ነጭ በያዘባቸው በ1ኛውና በ9ኛው የመጡበት መንገድ የሚከተለው ነው፦ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6፤ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ዲ5፤ ነጭ ፈረስ ሲ3። ፊሸር ነጭ በያዘባቸው በሦስቱ ደግሞ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ዲ5፤ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6፤ ነጭ ፈረስ ሲ3 ተባለ። ኢንሳይክሎፒዲያው ለዚህ አቋም የሰጠው ኮድ ዲ37 ሲሆን የሚጽፈው ተራ ከሁለቱም ይለያል፦ ዲ4፣ ዲ5፤ ሲ4፣ ኢ6፤ ፈረስ ሲ3፣ ፈረስ ኤፍ6፤ ፈረስ ኤፍ3። ከአምስቱ ጨዋታዎች አንዱም የመጽሐፉን መንገድ አልተከተለም። የእርምጃዎቹን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ከመጽሐፉ ተራ ጋር የሚያስተያይ ፕሮግራም አምስቱንም ዲ37 ሳይላቸው ያልፋል ማለት ነው።

እዚህ አቋም ላይ ለመድረስ ስንት መንገድ እንዳለ በጣት መቁጠር ይቻላል። የነጭ አራት እርምጃዎች በሃያ አራት ተራ ሊደረደሩ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ሲ3 ላይ የቆመ ፈረስ የሲውን ወታደር መንገድ ስለሚዘጋ ሲ4 የግድ ከፈረሱ መቅደም አለበት፣ ስለዚህ ግማሹ ቀርቶ አሥራ ሁለት ይሆናል። የጥቁር ሦስት እርምጃዎች በስድስት ተራ ይደረደራሉ። አሥራ ሁለት በስድስት ሲባዛ ሰባ ሁለት ሕጋዊ መንገድ ይወጣል፤ ይህ እንግዲህ አንድም ወታደር ሳይበላና አንድም እርምጃ ሳይባክን ብቻ ነው። (በአገራችን የሰንጠረዥ ጨዋታ ይህ ችግር ከሥሩ የለም። ወረራ በሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ስለሚሰለፉ፣ መክፈቻውን በደረሱበት አሰላለፍ እንጂ በመጡበት ተራ መለየት አይታሰብም።)

ስለዚህ መፍትሔው አቋሙን ራሱን ቁልፍ፣ ማለትም በመረጃ ቋቱ ውስጥ የጨዋታው መለያና መፈለጊያ፣ ማድረግ ነው። ይህን ሲሰሙ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ የሚያደናቅፈው ግን ዝርዝሩ ነው። አቋምን በጽሑፍ ለማስፈር የተለመደው ፌን የሚባለው አጻጻፍ ስድስት ክፍል አለው፦ የጠጠሮቹ አቀማመጥ፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ የካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት እርምጃ) መብት፣ የአን ፓሳን (ሁለት ካሬ የተራመደን ወታደር በዘለለው ካሬ ላይ በወታደር የመብላት) ካሬ፣ ከመጨረሻው የወታደር እርምጃ ወይም መብላት ወዲህ የተቆጠሩ ግማሽ እርምጃዎች (ግማሽ እርምጃ ማለት የአንድ ወገን አንድ እርምጃ ነው)፣ በመጨረሻም የእርምጃው ቁጥር። አሁን ከላይ ያየናቸውን ሁለት መንገዶች አንድ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ መልሰን፣ ከጥቁር ሦስተኛ እርምጃ በኋላ እናቁማቸው። በሰሌዳው ላይ ምንም ልዩነት የለም። ነገር ግን በስፓስኪ መንገድ የመጨረሻው እርምጃ ዲ5 ነበር፣ ማለትም ወታደር ሁለት ካሬ ዘሎ ነው የመጣው፤ በ1994 የተጻፈው የፒጂኤን (ጨዋታዎችን በኮምፒውተር የመመዝገቢያ አጻጻፍ) ደንብ ደግሞ ወታደር ሁለት ካሬ በተራመደ ቁጥር የተዘለለው ካሬ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ በአን ፓሳኑ ቦታ ዲ6 ይጻፋል። በፊሸር መንገድ የመጨረሻው እርምጃ የፈረስ ስለሆነ በዚያው ቦታ ሰረዝ ብቻ ይገባል። ነጭ በአምስተኛው መስመር ላይ አንድም ወታደር የለውም፤ በአን ፓሳን ሊበላ የሚችል ነገር በጭራሽ የለም። ሆኖም ሁለቱ ጽሑፎች ይለያያሉ፣ ፕሮግራሙም ሁለት የተለያዩ አቋሞች ናቸው ብሎ ያስቀምጣቸዋል።

የግማሽ እርምጃ ቆጣሪውም ከዚህ አይሻልም። ወደ ነጭ አራተኛ እርምጃ ስንመለስ አን ፓሳኑ በሦስቱም መንገድ ሰረዝ ሆኗል፤ ቆጣሪው ግን በስፓስኪ መንገድ 1፣ በፊሸር መንገድ 2፣ በመጽሐፉ መንገድ 3 ያነባል፤ የመጨረሻው የወታደር እርምጃ በየመንገዱ የተለያየ ቦታ ላይ ነበርና። እንግዲህ ስድስቱን ክፍሎች እንዳሉ ወስዶ ቁልፍ ያደረገ ሰው ትራንስፖዚሽንን፣ ማለትም በተለያየ ተራ ወደ አንድ አቋም መድረስ የሚያመጣውን ችግር፣ አስወግጃለሁ ብሎ መልሶ በጓሮ በር አስገብቶታል።

ትክክለኛው ትርጉም ከመቶ ሜትር ርቆ አይገኝም፤ የዳኞች ደንብ ውስጥ አለ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የሆነው ፊዴ አንድ አቋም ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል የሚለው ተራው የዚያው ተጫዋች ሲሆን፣ ጠጠሮቹ በዚያው ካሬ ላይ ሲቆሙና ካስሊንግንና አን ፓሳንን ጨምሮ ሊደረጉ የሚችሉት እርምጃዎች ሁሉ አንድ ሲሆኑ ነው። ለመክፈቻ ምደባም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ይዞ ሁለቱን ቆጣሪዎች መጣል፣ የአን ፓሳኑን ካሬ ደግሞ በእርግጥ መብላት በሚቻልበት ጊዜ ብቻ መጻፍ ይበቃል። በ1970 አልበርት ዞብሪስት ያቀረበው የቁጥር ዘዴም በዚሁ ላይ ይገጥማል፦ ለእያንዳንዱ ጠጠር በእያንዳንዱ ካሬ ላይ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሮቹም ኤክስ-ኦር በሚባለው ስሌት ይጣመራሉ። በዚህ ስሌት የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተጣመረ ውጤቱን ስለማይለውጠው፣ ሰባ ሁለቱም መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ።

ቁልፉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ደንብ አጭር ነው፦ ጨዋታውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለስን፣ በስም ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገኝ አቋም ላይ ስንደርስ እናቆማለን፤ ጨዋታው የሚመደበው በዚያ ስም ነው። ይህ ደንብ በአምስቱ ጨዋታዎች ላይ ሲሞከር ምን እንደሚሆን ማየት ይጠቅማል።

6ኛው ጨዋታ፣ ጁላይ 23 የተካሄደውና ፊሸርን በግጥሚያው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲመራ ያደረገው፣ በደንቡ ያለ ችግር ያልፋል። ከመገናኛው አቋም በኋላ ጥቁር ቢሾፑን ወደ ኢ7 አወጣ፣ ነጭ ቢሾፑን በጂ5 አቆመ፣ ጥቁር ካስሊንግ አደረገ፣ ነጭ ኢ3 አለ፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ኤች6 ገፍቶ ቢሾፑን አስፈራራ፣ ነጭ ወደ ኤች4 አፈገፈገ፣ ጥቁርም ቢ6 ገፋ። ይህ ታርታኮወር የሚባለው መከላከያ፣ ዲ58 ነው፤ በቀጣዩ እርምጃ ነጭ ዲ5 ላይ ሲበላና ጥቁር በፈረስ መልሶ ሲበላ ዲ59 ይሆናል። ከኤ10 ተነሥቶ በኤ13፣ በዲ30ና በዲ37 አልፎ ዲ59 ላይ ያረፈ ጨዋታ ነው። በመነሻው ኢንግሊሽ ያለው ሰው ስፓስኪ የሚያምንበትን መከላከያ ተሸንፎበት መውጣቱን፣ ማለትም የጨዋታውን ዋና ነገር፣ ከመዝገቡ ያጠፋዋል።

12ኛው ጨዋታ የበለጠ ያስተምራል። በዚህ ጨዋታ ስፓስኪ ተራውን ትንሽ ለወጠ፦ ነጭ ቢሾፑን ጂ5 ላይ እንዳቆመ ወዲያው ኤች6 አለ፣ ነጭ ወደ ኤች4 ሲመለስ ካስሊንግ አደረገ፣ ነጭም በሰባተኛው ኢ3 ተጫወተ። አቋሙ ከ6ኛው ጨዋታ የነጭ ሰባተኛ እርምጃ ጋር ፍጹም አንድ ነው፤ ሁለቱ ጨዋታዎች ከተለያዩ በኋላ እንደገና ተገናኙ ማለት ነው። ከዚያ ጥቁር በቢ6 ፋንታ ፈረሱን ወደ ዲ7 አወጣ፣ ነጭ ሩኩን ወደ ሲ1፣ ጥቁር ሲ6፣ ነጭ ቢሾፑን ወደ ዲ3። ውጤቱ ዲ66 ነው። ነገር ግን ኢንሳይክሎፒዲያው ዲ66ን የሚጽፈው የጥቁር የኤች ወታደር ገና ከቤቱ ሳይነቃነቅ የነጭ ቢሾፕ ዲ3 ላይ የደረሰበትን አቋም ይዞ ነው። 12ኛው ጨዋታ በዚያ አቋም ላይ ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አልቆመም፣ የኤቹ ወታደር በአምስተኛው እርምጃ ተነሥቶ ነበርና። በሠንጠረዡ ውስጥ የየኮዱ አጽም ብቻ ያለ እንደሆነ፣ ወደኋላ የሚሄደው ፍለጋ ዲ66ን ዘልሎ ይወርድና ጨዋታውን ከሚገባው በላይ ጥቅል በሆነ ስም ያስቀረዋል። ሠንጠረዡ ዲ66ን አንድ እርምጃ ጠልቆ፣ ማለትም ጥቁር ኤች6 ብሎ ነጭ ወደ ኤች4 ያፈገፈገበትን ቅርንጫፍ ጨምሮ የያዘ እንደሆነ ግን አቋሙ ይገጥማል። ከዚህ የምወስደው ፍርድ፣ አቋምን ቁልፍ ማድረግ የሠንጠረዡን ድህነት አይሸፍንም የሚል ነው፤ እንዲያውም ከመጽሐፉ የተገለበጠ ቀጭን ሠንጠረዥ ያለው ሰው በመጀመሪያ ቅርንጫፎቹን ማብዛት አለበት።

1ኛው ጨዋታ ከፊደል ወደ ፊደል ይሻገራል። ከመገናኛው አቋም ፊሸር ጥቁር ይዞ ቢሾፑን ወደ ቢ4 ላከ፤ ይህ ራጎዚን የሚባለው፣ ዲ38 ነው። ከዚያ ነጭ ኢ3፣ ጥቁር ካስሊንግ፣ ነጭ ቢሾፕ ዲ3፣ ጥቁር ሲ5፣ ነጭ ካስሊንግ፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6 ሲባል አቋሙ ከኒምዞ-ኢንዲያን ዋና መንገዶች በአንዱ ላይ አረፈ፤ ኢ56 ተብሎ ይመዘገባል። ስፓስኪ በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ሲ3 ሳይሆን ወደ ኤፍ3 ማውጣቱ ኒምዞ-ኢንዲያንን ማለፊያው የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቢሾፑ ቢ4 ላይ መጥቶ የሚያስረው ፈረስ አይኖርምና። በሩን ዘግቶ በአራተኛው እርምጃ ራሱ ከፈተው፣ ፊሸርም ገባበት። 9ኛውና 14ኛው ብዙ አያከራክሩም፦ በ9ኛው ፊሸር በጥቁር ሲ5 ብሎ ወደ ሴሚ-ታራሽ፣ ዲ41፣ ሄደ፤ በ14ኛው ነጭ ቢሾፑን በኤፍ4 ስላቆመ ጨዋታው በዲ37 ቀረ። ሁለቱም በአቻ አለቁ።

እንግዲህ ከአንድ አቋም አምስት ኮድ ወጣ፦ ኢ56፣ ዲ59፣ ዲ41፣ ዲ66፣ ዲ37። በመዳረሻው መመደብ ትክክል ነው ካልን፣ መንገዱን እንጣለው ወይ? በእኔ አስተያየት መጣል የለበትም፤ በሌላ ዓምድ መቀመጥ አለበት። መንገዱ የጨዋታው ስም ባይሆንም ተጫዋቾቹ እግረ መንገዳቸውን የሸሹትንና የፈቀዱትን ይናገራል። የስፓስኪ መንገድ በሦስተኛው እርምጃ ላይ ለጥቁር ሲ5 ብሎ ቤኖኒ ወደሚባለው መከላከያ የመግባት ዕድል ይተው ነበር፤ ፊሸርም በ3ኛው ጨዋታ እስከ ነጭ ሦስተኛ እርምጃ ያንኑ ተራ ተከትሎ ይህንኑ አደረገ፣ ጨዋታው ኤ77 ሆነ፣ አሸነፈም። በፊሸር መንገድ ግን ነጭ ዲ4 ሲል የጥቁር ወታደር ዲ5 ላይ ተቀምጦ ስለነበር ያ በር አልነበረም። በአንጻሩ ፊሸር በሁለተኛው እርምጃ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ማስቀመጡ ዋጋ አስከፍሎታል፤ ነጭ ዲ5 ላይ በልቶ ያንን ፈረስ በኢ2 በኩል የሚያወጣበት ጠንካራ የልውውጥ ዕቅድ ከእጁ ወጥቷል። ይህን ሁሉ መዳረሻው ብቻ አይነግረንም። ስለሆነም ለ6ኛው ጨዋታ ትክክለኛው መዝገብ «ምድብ፦ ዲ59፤ መግቢያ፦ ኤ13» የሚል ሁለት ዓምድ ነው፤ ስታትስቲክስ ከመጀመሪያው ዓምድ፣ የተጫዋቹ ዝግጅት ደግሞ ከሁለተኛው ይነበባል።

ደንቡ ወሰን እንዳለው ለማሳየት ከግጥሚያው ውጭ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በፔትሮፍ መከላከያ ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ኤፍ6፤ ፈረሱ ኢ5ን በላ፣ ዲ6፤ ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ተመለሰ፣ የጥቁር ፈረስ ኢ4ን በላ፤ ዲ3፣ ፈረሱ ወደ ኤፍ6 ተመለሰ፤ ዲ4፣ ዲ5። ይህ አቋም ከፍሬንች መከላከያ የልውውጥ መስመር ጋር አንድ ነው፤ በፍሬንች በአራተኛው፣ እዚህ በስድስተኛው እርምጃ ይደረስበታል። ወደኋላ የሚሄደው ደንብ ጨዋታውን «ፍሬንች» ይለዋል፤ ኢ6 የሚባል እርምጃ በጭራሽ አልተደረገም። ለስታትስቲክስ ይህ ትክክል ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጨዋታ አንድ ዓይነት ነውና። «ፍሬንች እጫወታለሁ» ለሚል ሰው ግን የመግቢያው ዓምድ ባዶ ከሆነ መዝገቡ እንግዳ ይሆንበታል።

በመዳረሻ የመመደብ ጥቅም በይበልጥ የሚታየው ከ6ኛው ጨዋታ በኋላ በመጣው ነገር ነው። በአሥራ አራተኛው እርምጃ ፊሸር ቢሾፑን ወደ ቢ5 ሲልክ ያደረገው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሴምዮን ፉርማን በ1970 ይፊም ጌለር ላይ ተጠቅሞበት ነበር፤ ጌለር ደግሞ በሬይክያቪክ ከስፓስኪ ረዳቶች አንዱ ነበር። ስፓስኪ በኤ6 መለሰ፣ በአርባ አንደኛው እርምጃም ተሸነፈ። በ1973 በሂልቨርሱም ያን ቲማን በጌለር ላይ ያንኑ አቋም ሲያቆም ጌለር በኤ6 ፋንታ ንግሥቱን ወደ ቢ7 አንሥቶ አሸነፈ። ዛሬ ተማሪው ከፉርማን እስከ ቲማን ያለውን ሰንሰለት ማግኘት የሚችለው፣ ሦስቱ ጨዋታዎች በምንም ተራ ይምጡ፣ ቢሾፑ ቢ5 ላይ የደረሰበትን አቋም ቁልፍ አድርጎ ሲጠይቅ ነው፤ ሲ4 ከሚል አቃፊ ውስጥ ቢፈልግ የፊሸርን ድል አግኝቶ የጌለርን መልስ ሳያይ ሊቀር ይችላል።